ውጡ ነው ወይስ ግቡ?

«እኔ ከዚህ ማንጎ ሥር ንቅንቅ አልልም» አሉ ሩቂያ፣ ለቅሶ የመጡት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ። «አደም የተኛበት ነው የምተኛው።»

ልጃቸው ሐያት አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቷ አደም ከተቀበሩ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እናቷን ቤት ይግቡ እንዳትላቸው፣ ግድግዳው በመሬት መንቀጥቀጡ ተሰንጥቋል። እዚሁ ይደሩ እንዳትል፣ አባቷን ወባ የያዛቸው እዚሁ ማንጎ ሥር ነው።

«ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ያስተማረው ነው የበላቸው» ስትል አንዷን ሰማቻት።

«አጀላቸው ነው፣ ቀናቸው ደርሶ ነው! ዝም በይ» አለቻት ሌላዋ። ሐያት የትኛውን እንደምታምን ግራ ገባት።

መሬቱ ደጋግሞ በተንቀጠቀጠበት ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጥቶ፣ ቀበሌው ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። አደም ተነስተው «ልጄ፣ አሁን ይሄ ነገር ተመልሶ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አሉት። ሰውየው አሰብ አድርጎ «አባቴ፣ እሱን አናውቅም» አላቸው።

አደም ደስ ብሏቸው ተመለሱ። «አላህ ብቻ የሚያውቀውን አናውቅም የሚል ምሁር ዛሬ ገና አየሁ! በሉ፣ እንግዲህ እንተኛ» ብለው አልጋቸው ላይ ወጡ። ሐያት ግን ፈራች። የተማረ ሰው አላውቅም ካለ የከፋ ነገር ቢኖር ነው ብላ፣ እያለቀሰች ለምና የእናት አባቷን ፍራሽ ደጅ ማንጎው ሥር አወጣች። «ለአንቺ ስል» አሉ አባቷ። አጎበሩ እቤት ውስጥ እንደተሰቀለ ቀረ።

ቤቱ ይኸው እስከ ዛሬ አልወደቀም።

ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀጥሎ የሳይንስ መምህሩ አሰግድ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሐያት ድንኳኑ ጥግ ጠብቃ ያዘችው።

«ጋሽ አሰግድ፣ ያ ሰውዬ ምን ማለቱ ነበር? ውጡ ነው ወይስ ግቡ?»

«ሁለቱንም አላለም፣ ሐያት። አናውቅም ነው ያለው።»

«አባዬ ግቡ ያላቸው መሰላቸው። እኔ ውጡ ያለኝ መሰለኝ። ታዲያ ማናችን ነን የተሳሳትነው?»

መምህሩ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። «እኔም እኮ ያን ሰሞን ደጅ ነበር የማድረው» አለ። «አጎበሬን ይዤ።»

ያለው ነገር ወዲያው ቆጨው፤ ግን አንዴ ወጥቷል። ሐያት ወደ ቤቱ ዞረች። አጎበሩን ማውጣት! እንዴት ይህች ትንሽ ነገር ጠፋቻት?

ቤት ገባች። አጎበሩ ከባዶው አልጋ በላይ ተንጠልጥሏል። ገመዱን የቋጠሩት አባቷ ናቸው፤ የሽንኩርት ጆንያ እንደሚያስሩት፣ ጥብቅ አድርገው። ልትፈታው ጣቷን ሰደደችና ተወችው። መዶሻ ፈልጋ ሚስማሩን ከጣሪያው ነቀለች፤ ከነቋጠሮውም ይዛ ወጥታ፣ እናቷ ከሚተኙበት በላይ ሚስማሩን ማንጎው ላይ መታችው።