ሦስት የተጋመሱ ጠርሙሶች

«እትዬ ባዩሽ፣ እነዚህ የጋሼ ገብረእግዚአብሔር ናቸው» አለች ምኞት፣ በቡሽ የተደፈኑ ሦስት የተጋመሱ ጠርሙሶች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። ከሟቹ ከባዩሽ ባል ጋር አንድ የቱሪስት ሎጅ ውስጥ በአስተናጋጅነት ትሠራ የነበረች ልጅ ናት።

ዛሬ ሰልስት ነው። ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ሰዎች ስለ ጫሞ ሐይቅ ዓሣ መወደድ በሹክሹክታ ያወራሉ። ባዩሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጓዳ ተቀምጣለች። ዘመዶቿ ደብረ ታቦር ናቸው፤ በስልክ አልቅሰው ዘግተዋል። ባሏ ከሥራ ወጥቶ ወደ ሲቀላ፣ ወደ ቤቱ ሲወርድ ልቡ ቀጥ ብሎ መንገድ ላይ ነው የቀረው።

«ምንድን ናቸው?»

«ወይን ነው። እኛን የሚያስተምርባቸው።»

ባዩሽ ፊቷን አዞረች። አባቷን የገደለው መጠጥ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ገብረእግዚአብሔር ሎጁ ውስጥ ወይን ቀጂ ሆኖ በተቀጠረ ሰሞን፣ በለስላሳ ጠርሙስ ጥቂት ቀይ ወይን ይዞላት መጥቶ ነበር። «እስቲ ቅመሺው» አላት እየሳቀ። ተቀብላው ወጣችና ማንጎው ሥር ደፋችው። «ሁለተኛ ይሄ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይገባ።»

አልተቆጣም። ከዚያ ወዲህ የወይኑ ሽታ እንዳይሰማት ደጅ ላይ ተጉመጥምጦ ይገባ ነበር። እራት ላይ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጫኖ ሙዝ ያጫውታት ነበር፤ እያደር እሱንም ተወው። ዝምተኛ ሰው ነው ያገባሁት ብላ ኖረች።

«ምን ብሎ ነው የሚያስተምራችሁ?»

«እንግዳ ሲጠይቀን እንዳናፍር ብሎ ነው» አለች ምኞት። «ይሄ ሜርሎ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ለጀማሪ እሱን ቅዱ ይለናል። ይሄኛው ሲራ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል፤ ለጥብስ ነው። ጋሼ ወሬ ከጀመረ እኮ ምሳችን ይቀዘቅዝ ነበር።»

«ገብረእግዚአብሔር ያወራ ነበር?»

«ማን አስቁሞት።»

ባዩሽ ወደ ጠርሙሶቹ ዞረች። «ሦስተኛውስ?»

ምኞት አመነታች። «ካበርኔ። ምላስ ይይዛል። መጀመሪያ ስቀምሰው ልተፋው ስል፣ ‹አትቸኩዪ፣ አፍሽ ውስጥ ታገሺው› አለኝ። ‹ይሄ እንደ ባለቤቴ ነው። ሲቀርቡት ይኮሳተራል፤ የታገሠው ግን ወደ ሌላ አይሄድም።›»

«ለእኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ነኝ ያላስወራሁት» አለች።

ምኞት ተነሣች። ዕቃ ላጥብ ብላ ወጣች።

ባዩሽ ብቻዋን ስትቀር የካበርኔውን ቡሽ ነቀለች። በውሃ ብርጭቆ ጥቂት ቀዳች። ተጎነጨችው። ጎመዘዛት፣ ድዷን ጨምድዶ ያዛት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን አልተፋችውም፤ አፏ ውስጥ ያዘችው።

ጎረቤቷ ጸዳለ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «ባዩሽዬ፣ ከዶርዜ ለቅሶ ደራሾች መጥተዋል። እግዜር ያጥናሽ፣ ትወጫለሽ?»

ባዩሽ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ በእጇ ትንሽ ቆዪ አለቻት።