ለጃንሆይ የተጣለው ድንኳን

ብዙወርቅ በገበያ ቀን ወፍጮዋን ያቆመችው በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በሰው ሞት ምክንያት። የመጀመሪያው ሟች ጃንሆይ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ሬዲዮው የጃንሆይ አጽም የፊታችን እሁድ አዲስ አበባ ላይ ይቀበራል ብሎ ተናገረ። ብዙወርቅ ለራሷ ብዙም ግድ አልሰጣትም። ነገሌ ቦረና ተወልዳ፣ ነገሌ ያደገች፣ ከሁለተኛ ክፍል ወጥታ ወፍጮ ቤት የገባች ሴት ናት፤ ጃንሆይን የምታውቃቸው ከድሮ ብር ላይ ነው። አባቷ አስር አለቃ ወልደሚካኤል ግን ሬዲዮውን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው ዋሉ። ምሳ ቀረበላቸው፣ አልነኩትም። ራትም እንደዚያው። በማግስቱ ቁርሱን ሲመልሱ ብዙወርቅ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ምን ሆኑብኝ? አመመዎት?»

«ያን ቀን በልቻለሁ» አሉ።

«የትኛውን ቀን?»

«ሞቱ የተባለ ቀን። በስልሳ ሰባት፣ በነሐሴ። እዚሁ ካምፑ ውስጥ ለምሳ ተሰልፈን ሬዲዮው ተናገረ። አንድም ሰው ሳህኑን አላስቀመጠም። እኔማ ደግሜያለሁ።»

የአባቷን ታሪክ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በስልሳ ስድስት የወታደሩ የውሃ ሞተር ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹ ከኛ ጉድጓድ አትቀዱም ሲሉ፣ ካመፁት ወታደሮች አንዱ እሳቸው ነበሩ። እሳቱ ከዚያ ተነስቶ ዙፋኑን እስኪበላ ድረስ አልበረደም። ጓደኞቻቸው «ዘውድ ገልባጩ» እያሉ ሲያሾፉባቸው ለዓመታት አብረው ይስቁ ነበር። አሁን ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

«እኛ የጮህነው ለውሃ ነው» አሉ። «አጠጡን አልን እንጂ ሽማግሌውን ያለ ለቅሶ፣ ያለ መቃብር አስቀሩልን አላልንም። በዚህ እግሬ አዲስ አበባ አልደርስ ነገር። እዚህ ልቀመጥላቸው፣ ብዙ። በድንኳን፣ ከጎረቤት ጋር፣ እንደ ሰው ወግ። ከዚያ እህል እበላለሁ።»

የገበያ ቀን ነበር። ሰው ጆንያውን ይዞ ተሰልፏል። ብዙወርቅ ሄዳ ሞተሩን አጠፋችና ቅንድቧ ዱቄት እንደለበሰ የእድሩ ዳኛ መምህር አምሀ ቤት ደረሰች። የእድሩ ኮሚቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የሰፈሩ እድር ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከሰሜን የመጣውም እዚሁ የተወለደውም ያለበት ነው፤ ማንም ይሙት ማን ድንኳኑ አንድ ነው።

«መምህር፣ እሁድ ድንኳኑን እፈልጋለሁ።»

መምህር አምሀ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ውይ! አስር አለቃ አረፉ?»

«እሳቸው አሉ። የሞቱት ጃንሆይ ናቸው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ጃልዴሳ ሳቁን ለቀቀው። ጃልዴሳ ከቡሌ ሆራ አካባቢ የመጣ የጭነት መኪና ባለቤት ነው፤ ከሞያሌ እቃ ሲያመላልስ ጠጉሩን ያሸበተ። «ያ ብዙወርቅ» አለ በኦሮምኛ አጠራር፣ «ዛሬ ነው የሰማሽው? መርዶ ነጋሪውን መንገድ ላይ ጅብ በልቶት ነው?»

«አንተ ሳቅ። እኔ ከመምህር ጋር ነው የማወራው።»

መምህር አምሀ መነጽራቸውን አደረጉና የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ገለጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ያልተጻፈ ነገር ያስደነግጣቸዋል። «አባት፣ እናት፣ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት» ብለው አነበቡ። «ጃንሆይ ከነዚህ የትኛው ናቸው?»

«የትኛውንም አይደሉም።»

«እንግዲያው ምን ላድርግልሽ? ፎቶግራፋቸውን ቤት ውስጥ ስቀሉ። ሻማ አብሩ። ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐት ይደረግላቸው፣ እኔም እመጣለሁ።»

«ፎቶ መጥቶ አባቴ አጠገብ አይቀመጥም። ፍትሐቱን ቄሶቹ ያድርሱ። ግን ፉዚያ ፍትሐት ትመጣለች?» ብላ ወደ እድሩ እቃ ያዥ ዞረች።

«ፍትሐት አልመጣም» አለች ፉዚያ። «ለቅሶ ከሆነ ግን የማን ነው ብዬ አልጠይቅም።»

«ሰማችሁ?»

ጃልዴሳ ሳቁን አቁሞ ነበር። «እኔ አልመጣም» አለ። «አባቴ በሳቸው ዘመን ጭሰኛ ነበር። እሱ ሲሞት በሬ የወሰዱበት ሰዎች አንድ ዱላ ተክለው ጥላ አላደረጉለትም። እና አሁን እኔ ልቀመጥላቸው?»

ለዚህ ብዙወርቅ መልስ አልነበራት። የሌላትን መልስ መፈለግ ደግሞ አትወድም። ወደ ዳኛው ተመለሰች።

«መምህር፣ አባቴ ሲሞት ድንኳን ይገባኛል አይደል?»

«እንዴታ! መዝገብ ላይ አለሽ።»

«እሱን ስጡኝ።»

መምህር አምሀ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የአባቴን ድንኳን አሁን ስጡኝ። ለጃንሆይ ይሁን። አባቴ ሲሞት አልጠይቃችሁም።»

«ብዙወርቅ፣ አባትሽ በሕይወት ያሉ ሰው ናቸው!»

«ስለዚህ ሄደው ይጠይቋቸው። ፈቃዱን የሚጠየቅ ሟች ሁልጊዜ አይገኝም።»

መምህር አምሀ በእርግጥም ሄዱ። አስር አለቃ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ለመጀመሪያ ጊዜ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «የኔን? ስጧቸው እንጂ! እኔ ብዙ ድንኳን ውስጥ ኖሬያለሁ። ስሞት ሜዳ ላይ አልቅሱልኝ።»

ዳኛው ውሉን በእጃቸው ጻፉ። ጡሩምባው፣ ድንኳኑ፣ እድርተኛው ሦስት ቀን መቀመጡ፣ ይህ ሁሉ በአስር አለቃ ወልደሚካኤል ፈንታ ለጃንሆይ ይሰጣል። አስር አለቃ ሲያርፉ እድሩ መቃብር ይቆፍራል፣ ሬሳ ይሸከማል፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ብዙወርቅ አስነበበችና እንደገና አስነበበች፤ ከዚያ ስሟን በትልልቁ ጻፈች። ከስሟ ሌላ ብዙ የምትጽፈው የላትም፤ ስሟን ግን ደህና አድርጋ ነው የምትጽፈው።

እሁድ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ኩራ በሯን አንኳኳ። ግራ ገብቶታል።

«እትዬ ብዙወርቅ፣ ምን ብዬ ልጥራ? ‹የብዙወርቅ ዘመድ› ልበል?»

«ጃንሆይ አርፈዋል በል።»

«‹አቶ› ነገር አልጨምርበትም?»

«ኩራ! እዚህ ከተማ ውስጥ ጃንሆይ የሚባል ሌላ ሰው አለ? ንፋ!»

ኩራ ነፋ። «የእድር አባላት! ጃንሆይ አርፈዋል! ለቅሶው አስር አለቃ ወልደሚካኤል ቤት ነው!» እያለ ከካምፑ እስከ መናኸሪያው ዞረ። አንዳንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ ሳቀ። አንዲት አሮጊት አሁን የሞቱ መስሏቸው ደረታቸውን እየመቱ መጡ፤ ሲነገራቸውም «ታዲያ ያኔ ማን አለቀሰላቸው?» ብለው አልተመለሱም።

ድንኳኑ ቀዩ አፈር ላይ ተጣለ። አስር አለቃ የድሮ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። መጀመሪያ ቀን ብዙው የመጣው ለጉድ ነው። ሁለተኛው ቀን ሳቁ ቀረ። አንዱ የእናቱ ጎጆ በሳቸው ዘመን የተሠራ ትምህርት ቤት አጠገብ እንደነበረ፣ ሌላው ስለ ድርቅ፣ ሌላው በስማቸው ስለታሰረ አጎቱ አወራ። ብዙወርቅ ንፍሮ እያቀረበች አንዱንም አላስቆመችም፤ ለቅሶ ቤት የሚወራው ይወራል። አባቷ ግን እህል አልቀመሱም። «ሦስተኛውን ቀን» ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጃልዴሳ በድንኳኑ በር ገባ።

ብዙወርቅ የዱቄት መዛቂያዋን እንደያዘች ከወፍጮ ቤቱ ወጣች። ሊያሾፍ ከሆነ የመጣው፣ በያዘችው ልታባርረው ቆርጣለች። ጃልዴሳ ግን «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ከኮት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ።

«ለሳቸው አልመጣሁም» አለ። «ይሄን ይዤ ነው የመጣሁት። አባቴ ዶዮ፣ በሬዎቹ ሲወሰዱበት ማመልከቻ አስጽፎ አዲስ አበባ ወጣ። የጃንሆይ መኪና ሲያልፍ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ቆመ። መኪናው አለፈ። በማግስቱ ቆመ፣ አለፈ። አስራ አንድ ቀን ቆሞ ተመለሰ። ሲሞት ለኔ ሰጠኝ። እኔ የት ልስጠው? ለቅሷቸው እዚህ ነው አላችሁ። ይኸው።»

ሰው ሁሉ ወደ ብዙወርቅ አየ። ድንኳኑ የሷ ነው፤ አስወጡት ካለች ይወጣል። እሷ ወደ አባቷ አየች። ከጦም ከስተዋል፤ የመጣው ስድብ ከሆነ አይችሉትም ብላ ፈራች።

«መምህር፣ ያንብቡት» አሉ አስር አለቃ።

መምህር አምሀ ወረቀቱን ዘረጉ። ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። «ለግርማዊ ንጉሠ ነገሥት» ብለው ሲጀምሩ አስር አለቃ የድንኳኑን ቋሚ ይዘው ብድግ አሉ። ብዙወርቅ ልትደግፋቸው ስትጠጋ በክርናቸው ገፏት።

«እኔ አመልካች ዶዮ ጣዲቻ፣ ሦስት በሬዎቼ ያለ ፍርድ ስለተወሰዱብኝ…»

ረጅም ማመልከቻ ነው። የበሬዎቹ ስም ሳይቀር ተጽፏል። አስር አለቃ እስኪያልቅ አልተቀመጡም። ሲያልቅ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጃልዴሳ፣ እኛ ውሃ አጣን ብለን ጮኸን፣ ጠመንጃ ስለያዝን ተሰማን። አባትህ ወረቀት ብቻ ነበር የያዘው። ስጠኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው ቀድሜ እሳቸው ጋ የምደርሰው እኔ ነኝ።»

ጃልዴሳ ባርኔጣውን ሲያሽከረክር ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጣቸውና ቃል ሳይጨምር ወጣ። አስር አለቃ ተቀመጡ። «ብዙ፣» አሉ፣ «አሁን ንፍሮውን አምጪ።»

ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖሩ። በየካቲት መጨረሻ፣ ከብቱ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት በደረቁ ወቅት፣ ጠዋት ሻይ ላይ እንዳሉ አረፉ። የገበያ ቀን ነበር።

ኩራ ጡሩምባውን በብብቱ ሸጉጦ እየሮጠ መጣ።

«እንዳትነፋ» አለችው ብዙወርቅ። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን ያው ነው። «ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ ሰው በምን ይወቅ?»

«ወፍጮው ያልተነሳ ቀን ሰው የት ይሄዳል? ራሱ ይመጣል።»

እንዳለችውም ሆነ። እህል ይዞ የመጣ ሁሉ ዝግ በር አገኘ፤ ጆንያውን እዚያው አስቀምጦ ወደ ግቢው ገባ። ሲገንዟቸው ብዙወርቅ የዶዮን ወረቀት በቀኝ እጃቸው አስያዘች። ቄሱ ምንድን ነው ቢሏት «አደራ ነው» አለች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃትም። እድሩ ቆፈረ፣ ተሸከመ፣ ቀበረ። ከቀብር መልስ ዳኛው እጅ ነስተው «እንግዲህ በውሉ መሠረት…» ብለው ጀምረው መጨረስ አቃታቸው።

«በውሉ መሠረት» አለች ብዙወርቅ፤ ግቢዋ መሐል፣ ደረቁ አፈር ላይ ምንጣፍ ዘረጋችና ተቀመጠች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሦስት ቀን ብቻዋን ልትቀመጥ ቆርጣለች። እጸጸታለሁ ብላ ጠብቃ ነበር፤ ጸጸቱ አልመጣም።

ጥቂት ቆይቶ የመኪና ድምፅ ተሰማ። የጃልዴሳ መኪና በኋላ ማርሽ ግቢው በር ላይ ተጠጋ። ወረደና የጭነቱን ሸራ መሬት ለመሬት እየጎተተ ገባ። ሸራው ፍየል ፍየል ይሸታል።

«መልሰው» አለች ብዙወርቅ ከተቀመጠችበት። «የፈረምኩትን አላፈርስም።»

መምህር አምሀም ደብተራቸውን ይዘው ከበር ደረሱ። «ጃልዴሳ፣ ይህ የእድሩ ንብረት ነው?»

«የእድሩ ሸራ እንዲህ ይሸታል፣ መምህር? የኔ ነው!» ጃልዴሳ ወደ ብዙወርቅ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ዝም በይ። ማን ለአንቺ አመጣ? የአባቴን ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው፣ ለቅሶው ፀሐይ ላይ አይሆንም።»

ብዙወርቅ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። በሕይወቷ መልስ ስታጣ ይህ ሁለተኛዋ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሳጣት ይኸው ሰው ነው።

መምህር አምሀ ደብተራቸውን ከፈቱ፣ አዩት፣ ዘጉና በብብታቸው አደረጉት። «እድሩ አልመጣም» አሉ ኮስተር ብለው። «እኔ እንደ ጎረቤት ነኝ።» ከኋላቸው ፉዚያና ኩራ ከየቤታቸው ያመጡትን ወንበር ተሸክመው ቆመዋል።

ወንዶቹ ሸራውን ከግራሩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ወጠሩት። ብዙወርቅ ተቀምጣ ስታይ ቆየች። በመጨረሻ ነጠላዋን አጥብቃ ተነሳች።

«ጃልዴሳ፣ እንዲያ አይደለም! ወደ ምዕራብ ሳበው። ከሰዓት ፀሐይ በዚያ ነው የሚገባው። ሦስት ቀን ነው የምንቀመጠው!»