የታካሚዋ ወንበር

ከሻይ ዕረፍት ሲመለሱ ወንበሩ ዞሮ ጠበቃቸው።

ጠዋት አሠልጣኙ ሐኪም ከሰሌዳው ፊት ሲያስቀምጡት ጀርባው ወደ ሠልጣኞቹ ነበር። «ታካሚያችሁ እዚህ ተቀምጣለች» ነበር ያሉት። «ስለ አዲሱ የኤች አይ ቪ ሕክምና የተማራችሁትን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ትነግሯታላችሁ።» ከየጤና ጣቢያው የተሰበሰቡት ባለሙያዎችም ተራ በተራ ፊቱ እየቆሙ ባዶውን ወንበር ሲመክሩ አረፈዱ። አሁን ወንበሩ ወደ ሠልጣኞቹ ዞሯል፤ በቀጥታም ከመካከላቸው ወደ አንዷ ነርስ።

«ማነው ያዞረው?» አለች ነርሷ።

«ራሷ ናታ» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ፋርማሲስት። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ስለማያውቅበት የሥራ ባልደረቦቹ ማይክራፎን ይሉታል። «ምክራችን ሲሰለቻት፣ እስቲ መልካቸውን እንኳ ልየው ብላ ይሆናል።»

ሰው ሳቀ። ነርሷ ለይምሰል ፈገግ አለች። የወንበሩ ስፖንጅ መሐሉ ሰርጉዶ ነበር፤ ሰው ሲነሣለት ቀስ እያለ እንደሚሞላ፣ እያየችው ሞላ። ዙሪያዋን ቃኘች። ሌላ ያስተዋለ የለም።

ቦርሳዋ ውስጥ፣ የቫይታሚን ስም በተለጠፈበት ብልቃጥ፣ በየቀኑ የምትውጠው ክኒን አለ። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቷን አቋርጣ አታውቅም፤ ቫይረሱ በምርመራ መታየት ካቆመም ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ስንቱን ባልና ሚስት አስረድታለች። ላግባሽ ያላትን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን «እያሰብኩበት ነው» እያለች ታጉላላዋለች። ዛሬ ጠዋት መልእክት ልኮላት ነበር፦ «ማታ ልምጣ ወይስ ልተወው?» አልመለሰችለትም።

መጋረጃው ተዘጋ። ሐኪሙ ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚከብዳቸው ሰዎች ስለመጣው፣ በየሁለት ወሩ ስለሚወሰደው መርፌ ማብራራት ጀመሩ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን የወንበሩን ጥላ ሰሌዳው ላይ ጣለው። ጥላው ትከሻ ነበረው። ነርሷ አንገቷን ቀና ስታደርግ እሱም ቀና ያለ መሰላት።

«ሲስተር፣ ተራው የእርስዎ ነው» አሉ ሐኪሙ። «ታካሚዋ ልታገባ አስባለች። ምን ይሏታል?»

ነርሷ ተነሣች። ይህን ምክር ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት እንኳ ሳትሳሳት ትወጣዋለች። ከወንበሩ በኩል ግን አንድ ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቃት መሰላት፤ እስከ ዛሬ የተናገረችውን ሁሉ የሰማ፣ አንዱንም ያላመነ ሰው።

ወደ ፊት ሄደችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መቀመጫው ሞቆ ነበር።

«የእርስዎ ድርሻ መምከር ነው እኮ» አሉ ሐኪሙ።

«ዛሬ ታካሚዋን ልሁን፣ ዶክተር።» ወደ ፋርማሲስቱ ተመለከተች። «አንተ ንገረኝ። ላግባሽ ያለኝ ሰው አለ። እጎዳዋለሁ?»

«እህቴ፣ ትዳሩ ካልጎዳው አንቺማ...» ብሎ ጀመረ ማይክራፎን። ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ዋጠው። ድምፁ እንዲያ ዝቅ ብሎ የሰማው ሰው አልነበረም። «አትጎጂውም። መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ እስከወሰድሽ፣ ቫይረሱም በምርመራ እስካልታየ ድረስ፣ በግንኙነት ወደ እሱ አይተላለፍም። እውነቴን ነው።»

ስትናገረው የኖረችው ቃል ነው። ለእሷ ሲነገር ግን የመጀመሪያው ነበር።

«እንዴት ብዬ ልንገረው?»

ማይክራፎን ሐኪሙን አየ፤ ሐኪሙ ሰሌዳውን አዩ። ሰሌዳው ላይ ለዚህ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

«እሱን እንኳ» አሉ ሐኪሙ፣ «ከእኛ ይልቅ ታካሚዋ ታውቀዋለች።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ከወንበሩ ሳትነሣ ስልኳን አወጣች። «ና፤ የምነግርህ አለኝ» ብላ ጻፈች። ላከችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ወንበሩንም እንደዞረ ተወችው።