ጉልበት የማይደርሱ ጥዶች

ከጓሮዋ ማዶ ለዘመናት ባዶውን የኖረው ቦታ ላይ ሕንፃ መውጣት ሲጀምር፣ መጋረጃ ሰፊዋ ደስ ብሏት ነበር። አዲስ ሕንፃ አዲስ መስኮት አለው፤ አዲስ መስኮት ደግሞ መጋረጃ ይፈልጋል። የገቡበት ሰዎች ግን መጋረጃ የሚባል ነገር ከነመፈጠሩ የማያውቁ ሆኑ። ከታች እስከ ላይ የተደረደሩት የወጥ ቤት መስኮቶች እንደተገለጡ ጓሮዋን ቁልቁል ያዩ ጀመር።

ለእሷማ ምን ቸገራት፤ ልብሷን አስጥታ መግባት ነው። የጨነቃት የባሏ ነገር ነው።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሰፈሩ «ሽቅርቅሩ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን አይጠላውም። ሱሪው ሳይተኮስ፣ ጫማው እንደ መስታወት ሳያበራ ዳቦ ሊገዛ እንኳን አይወጣም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ማለዳ ፊቱን እየተላጨ ሳለ ምላጩ ከእጁ ወድቆ፣ እሱም ተከትሎ የወደቀው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ ጎኑ ግን ከዳው።

«በየቀኑ ይራመድ። ሌላ መድኃኒት የለውም» ብለው ሸኟት።

በጓሮው ጀመሩ። እሷ ክንዱን ይዛ፣ እሱ በከዘራ፣ እግሩን እየጎተተ ከበሩ እስከ ውሃ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በሩ። ለውጥም እያሳየ ነበር። አንድ ቀን ግን ላቡን ሊጠርግ ቀና ሲል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት መስኮቷ ጋ ቆማ አየ። ሴትየዋም አየችው። ፒጃማ ለብሶ ነበር።

«እንግባ» አላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት ውጣ ቢሉት ወይ ፍንክች። እግሩ መልሶ ይደርቅ ጀመር። ቆጣ ስትል፣ «የሰው መሳቂያ ልሁን?» ይላታል። ስትለምነው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አጥሩን ከፍ ላድርገው ብላ ብትጠይቅ ደንቡ አይፈቅድም አሏት። የሰውን ቤት ሁሉ ስትጋርድ የኖረች ሴት የገዛ ባሏን የምትጋርድበት አጣች።

ዛፍ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ዛፍ የሚከለክል ደንብ የለም።

ችግኝ መሸጫው ከከተማው ጫፍ ነበር። ቦት ጫማ ያደረገች፣ እጇ እስከ ክርኗ አፈር የሆነ ወጣት ሴት ተቀበለቻት። መጋረጃ ሰፊዋ ቀጥ ብላ ሄዳ ከሁሉ ረጅም የሆነው ጥድ ሥር ቆመች።

«ከዚህ ስጪኝ፤ በረድፍ የሚተከል።»

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ተነቅሎ ሲሄድ ግማሽ ሥሩ እዚሁ ይቀራል። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ካልለመደ ይደርቅብዎታል። ትንንሾቹ ይሻሉዎታል፤ ቶሎ ይይዛሉ።» ወደ ታች ጠቆመቻት። በየጣሳው የቆሙት ችግኞች ጉልበት አይደርሱም።

«ሰው ለመሸፈን ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል?»

«አያያዛቸው ካማረ ሦስት ዓመት። አራትም ሊሆን ይችላል።»

«ልጄ፣ የምሸፍነው ሰው ያለኝ እኮ አሁን ነው» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ድምፅዋ ተሰበረባት፤ አፈረችም።

 ልጅቷ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ጎንበስ ብላ ከችግኞቹ መካከል መምረጥ ጀመረች፤ አንዱን ታነሳለች፣ ሥሩን ታያለች፣ ትመልሳለች። ስትጨርስ፣ «እንግዲያው ዛሬ ነገ ሳይሉ ይትከሏቸው፤ መሬቱ ገና አልቀዘቀዘም» አለቻት።

ችግኞቹ ከታክሲ ወርደው ጓሮው ውስጥ ሲደረደሩ፣ ሽቅርቅሩ በመስኮት ብቅ አለ። እሷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«የሚጋርዱኝ እነዚህ ናቸው?»

«ያድጋሉ።»

«እስኪያድጉ በዳዴ ልሂድ በያ!»

ሊቆጣ ይሁን ሊቀልድ ሳታውቅ ፊቱን አየችው። ከንፈሩ በደህናው ጎን ወደ ላይ ተስቧል። ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ እንባቸው እስኪመጣ አብረው ስቀው አያውቁም።

በማግስቱ ዶማ ተውሳ ስትቆፍር ዋለች። ልጅቷ እንደነገረቻት፣ ጉድጓዱን ከጣሳው ሰፋ፣ በጥልቀት ግን እኩል አደረገችው፤ የተጠቀለለውን ሥር በጣቷ ፈታታችው፤ አፈሩን መልሳ በእግሯ ረገጥ ረገጥ አደረገችና ውሃ አጠጣች። በመጨረሻ ደረቅ ቅጠል ጎዘጎዘችላቸው፤ ግንዱን ሳታስነካ። እሱ በሩ ጋ ወንበር አስቀርቦ ተቀምጧል፤ ከደፉ ግን አይወጣም።

«ሦስተኛዋ ወደ ግራ አዘንብላለች።»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ አንተ ሰው!»

«ፀጉር አበላልጠሽ ስትከረክሚ እያየሁ ዝም ልበል?»

ቀና ብላ አየቻት። እውነትም አዘንብላለች። አቃናቻት እንጂ ትክክል ነህ አላለችውም።

ብርዱ ሳይውል ሳያድር መጣ። መሬቱ ከመጠንከሩ በፊት ችግኞቹን እስኪጠግቡ አጠጣቻቸው፤ በብርድ ወራት የሚገድላቸው ከውርጩ ይልቅ ጥማትና ደረቅ ነፋስ ነው ብላታለች ልጅቷ። ከዚያ ስፌቷን አቁማ፣ ጆንያ እየቀደደች ለእያንዳንዳቸው ካባ ሰፋችላቸው። በችካል ወጥራ፣ አናታቸውን ክፍት ትታ፣ አንገታቸው ላይ አሰረችላቸው።

ሽቅርቅሩ በመስኮት አያቸው። ፀጉር ቤት ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁ፣ ጨርቅ አንገታቸው ላይ የታሰረላቸው ሰዎች መሰሉት።

«ደንበኞቼ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው ይኸው ሆነ። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ደንበኞቼ እንዴት አደሩ?» ነው። እሷም ዓይኗን ሳታሽ ወጥታ አይታ ትመጣለች። አንዳንዴ ውሸቷን፣ «አንዱ ይጠራሃል» ትለዋለች። ይስቃል፤ አይወጣም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፋችውን መጋረጃ ልትሰቅል ራቅ ካለ ሰፈር ሄደች። እዚያ ሳለች ነፋስ ተነሳ፤ የሰዎቹን መስኮት እያንገጫገጨ። ስልክ ብትደውል አያነሳም። መሰላሉን ትታ፣ ግማሹን መጋረጃ ሳትሰቅል፣ እየሮጠች መጣች።

ቤቱ ውስጥ የለም። ጫማው በቦታው አለ። ነጠላ ጫማው ግን የለም። የጓሮው በር ተበርግዷል። ጓሮ ስትወጣ ከዘራው መሬት ላይ ወድቋል።

«እትዬ! እዚህ ነን!» የሚል ድምፅ ከጓሮው ጥግ ካለው ወጥ ቤታቸው ሰማች።

ሽቅርቅሩ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ፒጃማው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነው፤ ትከሻው ላይ ዳክዬ የተሳለበት የሕፃን ብርድ ልብስ ተጥሎበታል። አንዲት ወጣት ሴት በአንድ እጇ ሕፃን አቅፋ በሌላው ሻይ ትቀዳለታለች። መጋረጃ ሰፊዋ አወቀቻት፤ የሁለተኛ ፎቋ ናት።

«የመጨረሻዋን ነፋሱ ካባዋን ገፎ መሬት ለመሬት ሲደበድባት አየሁ» አለ እሱ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ደረስኩ እኮ። አሰርኳት። በአንድ እጅና በጥርሴ። መነሳቱ ነው ያቃተኝ።»

«ዕቃ ሳጥብ ነው ያየኋቸው፤ ተንበርክከው ሲቀሩ ሮጬ ወረድኩ» አለች ወጣቷ።

መጋረጃ ሰፊዋ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ የቀዘቀዙ እግሮቹን በእጇ ታሽ ጀመር። ልትቆጣው ነበር፤ የፒጃማውን ጭቃ በእጇ ማራገፍ ያዘች።

ወጣቷ ቆማ እየተሽኮረመመች፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ቀን ሳይዎት ደንግጠው ገቡ» አለች። «እኔ እኮ ጓዳዬ ቆሜ የማየው ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። ይሄ ልጅ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ጠዋት ሲደክመኝ፣ እርስዎ ሲራመዱ አይና፣ እሳቸውስ ይኸው እየጣሩ አይደል፣ እላለሁ። ሲጠፉ ጊዜ ጨነቀኝ። ታመው ይሆን፣ ሄደው ይሆን… የማንን በር አንኳኩቼ ልጠይቅ?»

 ሽቅርቅሩ ብርድ ልብሱን አየት አደረገና፣ «ይሄ ዳክዬ አያምርብኝም ማለት ነው?» አላት።

የብርዱ ወራት አለፈ። ካባዎቹን ሲያወልቁላቸው የመካከሎቹ አረንጓዴ ናቸው፤ የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ግን ዝገት መስለዋል። መጋረጃ ሰፊዋ የመጀመሪያዋን ግንድ በጥፍሯ ጫረችው። ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ አለ። የመጨረሻዋን ጫረች፤ ደረቅ። ዝቅ ብላ ጫረች፤ ደረቅ።

«የትኛዋ ናት?» አለ ባሏ፣ በከዘራው ተደግፎ አጠገቧ ቆሞ። መስኮቶቹ ከላይ ያያሉ፤ ቀና ብሎም አላያቸው።

«ያንተዋ።»

ጎንበስ ሊል ሞከረና ተወው። «ጠበቅ አድርጌ አስሬያት ይሆን?»

«አይደለም። ሥሯ አልያዘም ነበር።» እውነቱን አላወቀችም፤ ልቡ እንዳያዝን ያለችው ነው። «ለእሷ ብለህ ግን ወጣህ» አለችው ቀስ ብላ።

 እጇን ያዘ፤ በግራው፣ አልታዘዝም ባለው እጁ። ጭብጡ የሕፃን ያህል ነበር፤ ግን ያዛት።

የደረቀችውን ነቀሏት። ሌላ ትተካ ስትለው፣ «ትቆይ» አላት፤ «የፎቋ ልጅ ጓዳዋ ቆማ ስትታክት የምታየው ነገር ትጣ?» ተከራከሩ። እሷ፣ አሁን ልብስ ሳሰጣም መታየት አስጠላኝ አለች። እሱ ሳቀባት። ዓመቱን ሙሉ ቦታው ባዶ ቀረ፤ ማን እንደረታ ግን ሁለቱም አያውቁም። ምሳ ከተበላ በኋላ ወጣቷ በዚያ በኩል ሕፃኑን በአጥሩ ላይ ታቀብላቸዋለች፤ ዕቃዋን አጥባ እስክትመጣ ሕፃኑ ጉዝጓዙን እየበተነ አብሯቸው ይቆያል።

ጥዶቹ እሱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ትከሻው ጋ ደረሱ። ዳግመኛው ብርድ ሊገባ ሲል፣ መጋረጃ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ የውሃ ድምፅ ሰማች። ቀና አለች። ባሏ ማጠጫውን በቀኙ ይዞ፣ ያለ ከዘራ፣ ከቧንቧው ወደ ጥዶቹ ይሄዳል። ማጠጫው እየተንገዳገደ ግማሹን ነጠላ ጫማው ላይ ያፈሰዋል። ልትጠራው ፈለገች። «ቀስ!» ልትል አፏን ከፈተች።

መልሳ ዘጋችው። እግሯን ከመኪናዋ መርገጫ ላይ አነሳችና፣ የመጨረሻዋ ዛፍ ጋ እስኪደርስ ዝም ብላ አየችው።