ዓርብ ማታ የተሞላው ሲሊንደር

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ሻይ ጣደች፤ አልጋዋን አነጠፈች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ቀይዋን ሲሊንደር ጎተተችና የግፊት መለኪያዋን፣ የጌጇን መርፌ አየች። ካለችበት ፈቀቅ አላለችም። መልሳ ገፋቻት። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ አራት ወር ሙሉ፣ ቀኗን የምትጀምረው እንዲህ ነው።

ሲሊንደሯ ዱሮ እሳት ማጥፊያ ነበረች። ባሏ ከመሥሪያ ቤቱ ጥራጊ መካከል አንሥቶ፣ ዱቄቱን አራግፎ፣ ቱቦና መክፈቻ ገጠመላት። ካላማዳሪ፣ ማለትም የውስጥ ላስቲክ፣ የሌለው የብስክሌት ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው አየሩ በአንድ ጊዜ በኃይል ሲገባበት ነው፤ በእጅ ፓምፕ ቀስ እያሉ ቢሞሉት ሁሉም በጠርዙ በኩል ያመልጣል። ጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር አለ፤ እሱ ግን በገዛ እጁ ያልሠራው ነገር አይዋጥለትም። አንድ ዓርብ ማታ ላብ በላብ ሆኖ ሲሊንደሯን በፓምፕ ሞላት። ምቱን ሲቆጥር መቶ አርባ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋበት።

“ጎማ ልትሞላ ነው ወይስ ቤቱን ልታበርረው?” ብላ ቀልዳበት ነበር።

ለልጁ ብስክሌት የገዛውን አዲስ ጎማ ቅዳሜ ከሰዓት ሊገጥም ቀጠረ። ቅዳሜ ጠዋት ልቡ ቀጥ አለ።

“እማዬ! ነይ እስቲ፣ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ!”

ዛሬ የተጣራችው ልጇ ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጣለች። የብስክሌቷን አሮጌ ጎማ ትናንት ማታ ምስማር ዘንጥሎት፣ አባቷ የገዛውን አዲሱን ከግድግዳው አውርዳ ቸርኬው ላይ አልብሳዋለች። ፋብሪካ ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ አንዴ ካረፈደ ይሰናበታል። ታክሲ አይደርስበትም፤ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ጎሚስታው ደግሞ እስከ ሦስት ሰዓት አይከፍትም።

“ጠርዙን የሳሙና ውሃ ቀቢው” አለች እናት።

ቀቡት። አየሩ በሰፊው እንዲገባ ከቫልቩ ውስጥ ያለችውን ትንሽዬ መዝጊያ ነቀሉ። ልጅቷ ፓምፑን ሽቅብ ቁልቁል አለችው፤ ሳሙናው አረፋ ደፈቀ፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አላለም። በጎማው ዙሪያ ገመድ አስረው በማንኪያ እየጠመዘዙ አጠበቁት። አሁንም ያው ነው። እናት ወደ ኩሽና ሄደች፤ ሻዩ ገንፍሏል። ተመለሰች። መኝታ ቤት ገባች፤ ባዶ እጇን ወጣች። ሰዓቱን አየች፤ አሥራ ሁለት ከሃምሳ።

“የአባዬ ቀይዋስ? ያቺ እሳት ማጥፊያዋ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ።”

“ጥለሻት እንዳይሆን ብቻ! ግን አንቺ እኮ የተቀደደ ካልሲ እንኳ አትጥዪም።”

እናት ወንበሩን ያለ ምክንያት አስተካከለች፤ መልሳ አዞረችው።

ልጅቷ ፓምፑን ጣለችና የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። “በቃ እሮጣለሁ።”

“ሩጫሽን አውቀዋለሁ። ደረጃ ስትወጪ ሁለቴ የምታርፊ ልጅ።”

“ታዲያ ምን ላድርግ እማዬ?”

እናት መኝታ ቤት ገባች። ስትወጣ ሲሊንደሯን ታቅፋ ነበር።

“ውይ፣ አለች እንዴ!” ልጅቷ ቱቦውን ቫልቩ ላይ ሰክታ ጌጁን አየችና ቀና አለች። “ሙሉ ናት። ማን ሞላት?”

“አባትሽ። ዓርብ ማታ።”

የልጅቷ እጅ ከመክፈቻው ላይ ተነሣ። “ተዪው እማዬ። ካባረሩኝ ያባርሩኝ።”

“ቱቦውን ያዢ።”

“እማዬ…”

“አጥብቀሽ ያዢ አልኩሽ።”

እናት መክፈቻውን ራሷ ጠመዘዘችው። አየሩ ጮኾ ገባ። ጎማው ተነፋ፤ ጓ! አለ፤ ደገመና ጓ! ብሎ ቸርኬው ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ቱቦውን ስትነቅል ከቫልቩ እሽሽሽ የሚል ድምፅ ወጣ። ደንግጣ በአውራ ጣቷ ደፈነችው።

“ልቀቂው፣ ይውጣ” አለች እናት። “አንዴ ከተቀመጠ አይለቅም። እንደዚያ ነበር የሚለው።”

ልጅቷ አውራ ጣቷን አነሣች፤ አየሩ ወጥቶ አለቀ። ከዚያ ልጅቷ ጎማውን ከውስጥ የሚያሽገውን ነጭ ፈሳሽ በቫልቩ ጨመረች፤ መዝጊያዋን መለሰች፤ በእጅ ፓምፕ ሞላችው። አሁን በቀላሉ ያዘ።

“ይሞቃል እኮ፣ መስኮቱን ልክፈተው?”

“እኔ እከፍተዋለሁ። አንቺ ሂጂ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል።”

ልጅቷ ጉንጯን ስማት ወጣች። ከሁለት ሰዓት በፊት ደረሰች።

በማግስቱ እናት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ሻይ ጣደች፤ አልጋዋን አነጠፈች። ተንበርክካ ቀይዋን ሲሊንደር ጎተተች። መርፌዋ ዜሮ ላይ ናት። ባሏ የሞላው አየር የለም።