ቀይ ሥር አልበላሁም

ቀይ ሥር፣ ከምግብ ሁሉ ቀይ ሥር፣ ማንአልሞሽ ከልጅነቷ ጀምሮ አፈር አፈር ይላል ብላ በአፏ የማታዞረውን ነገር፣ አሁን በሃምሳ አራት ዓመቷ ሲያትል ላይ ፋይሏ ውስጥ ይጻፍባት፣ ታካሚዋ ጾም ላይ በመሆኗ የሽንቷ መጥቆር ቀይ ሥር ከማብዛት ሊሆን ይችላል፣ ማን ነው ያለው፣ እሷ አላለችም፣ የክሊኒኳ ሐኪም ጾም ላይ ነሽ ወይ አለቻት፣ አዎ አለች፣ ምን ትበያለሽ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ለደም ማቅጠኛዬ ስትሉ እንዳላችሁኝ በልኩ፣ ቀይ ሥርስ፣ አልወድም። አልወድም ያለችው የት ገባ? ኮምፒውተሩ ዋጠው?

ሲናደዱ ልብዎን ያደክሙታል ብለዋታል። ይድከም።

የምርመራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ከኋላ የሚከፈተውን የሆስፒታል ጋውን በአንድ እጇ ጨብጣ፣ ጉሮሮዋ ይከረክራታል፣ ጠዋት በአፏ ቱቦ አስገብተው ልቧን ከቅርብ በምስል አንስተውታል፣ አሁን ውጤቱን ይዞ የሚመጣውን የልብ ሐኪም ትጠብቃለች። ልጇ ኖላዊት ከሬንተን፣ ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ ወንበሩ ላይ ስልኳን ትነካካለች፣ ማም፣ ፕሊስ፣ ሲመጣ ዶንት ፋይት። ማን ተጣላ? እውነት መናገር መጣላት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ልጅቷ ግን ፈርታለች፣ ጥፍሯን እየበላች ነው፣ ባለፈው ጥቅምትም እንዲሁ ስትበላ ነበር።

ያኔ ከመንጋጋ ጥርሷ የተነሳው ኢንፌክሽን በደሟ ገብቶ የልቧን ቫልቭ በላው፣ ሦስት ሳምንት ትኩሳት፣ ጉንፋን ነው እያሉ መለሷት፣ ከዚያ በአንድ ቀን ሩጫ ሆነ፣ ደረቷን ከፍተው የበሰበሰውን አውጥተው የብረት ቫልቭ ተከሉላት፣ ያተረፏት እነሱ ናቸው፣ አልካደችም፣ የቀዶ ጥገናውን ሐኪም እጅ ስማለች። አምስት ወር ደህና ሆነች። ሲታክ ወዳለው ሆቴሏ ተመለሰች፣ አሥራ ስድስት ዓመት አልጋ ያነጠፈችበት፣ በቀን አሥራ አራት ክፍል፣ ቀስ እያለች ጀመረች። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሁለት ክፍል አጽድታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ የማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ሦስት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች፣ በመስታወት ዓይኗን አየችው፣ ቢጫ፣ ሽንቷን አየችው፣ የጠቆረ ሻይ።

ደንግጣ ግን አልቀረችም፣ ታውቀዋለቻ! ማንም አልጠየቃትም እንጂ ታውቀዋለች፣ ሆቴል ከማጽዳትሽ በፊት ምን ትሠሪ ነበር ያላት አንድ ሰው የለም፣ ደብረ ሲና ጤና ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች፣ ከቆላ በወባ ተይዘው የሚመጡትን ሰዎች ሽንት እየተቀበለች፣ የፈረሰ ደም ምን እንደሚመስል ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ሽንቷን በጃም ጠርሙስ አድርጋ የመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከጠዋት እስከ ከሰዓት አቆየችው፣ እየደማች ቢሆን ቀዩ ወደ ታች ዘቅጦ ከላይ ይጠራ ነበር፣ የሷ ከአፉ እስከ ቂጡ አንድ ቀለም፣ ምንም አልዘቀጠም። ማለት መድማት አይደለም፣ ደሟ ከደም ሥሯ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ እየፈረሰ ነው፣ የሚያፈርሰው ደግሞ ከዚያ ከቫልቩ ሌላ ምን አለ?

ይህንኑ ለክሊኒኳ ሐኪም ተናገረች። በስልክ አስተርጓሚ አመጡላት፣ ድምፁ ጨዋ፣ እሺ እመቤቴ ይላታል፣ ቀይ የደም ሴሎቼ ቫልቩ ጋ እየተሰበሩ ነው ብለህ ንገርልኝ አለችው፣ ደሜ ደክሟል ትላለች ብሎ በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ደሜ ደክሟል! እንግሊዝኛ የማትሰማ መሰለው? ኖ፣ ኖ፣ ብለድ ብሮክን፣ አለች፣ ሐኪሟ ፈገግ ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ያቺ መታ መታ፣ እስከ ዛሬ ትከሻዋ ላይ አለች።

ቀጥሎ ነርሷ ኮል አደረገች፣ ሽንትሽ ውስጥ ደም ታይቷል፣ ሶ ደም ማቅጠኛውን ለሦስት ቀን አቁሚ። የሽንት መመርመሪያዋ ወረቀት የፈረሰውን ደም ከፈሰሰው አትለይም፣ ይህን ማንም የላቦራቶሪ ተማሪ ያውቃል፣ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ደም ማቅጠኛ ቢያቆም ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ከሆስፒታል ስትወጣ የልብ ሐኪምሽ ሳያውቅ እንዳታቆሚ ብለው በቀይ አስምረው ሰጥተዋታል። የልብ ሐኪሜን ጠይቃችኋል? እናጣራለን አለች ነርሷ። ኖላዊት አበደች፣ እማዬ አንቺ ሐኪም አይደለሽም፣ ጀስት ሊስን፣ እሷም አላቆምም፣ እስኪያጣሩ አላቆምም፣ አለች፣ ብሳሳትስ፣ ብደማስ፣ ይህን ለልጇ አልነገረቻትም።

በማግስቱ ያለ አፖይንትመንት ጠርሙሷን ይዛ ክሊኒክ ሄደች። ደም የሚቀዳው አሕመድ የሚባል የድሬዳዋ ሰው ነው፣ ስሟን ሲያይ በአማርኛ አናገራት፣ እትዬ ማንአልሞሽ፣ የእርስዎ ደም ሁለት ጊዜ በአቀዳድ ተበላሽቷል ተብሎ ተደፍቷል፣ ዛሬ ቀስ ብዬ ልቅዳ። ቀስ ብሎ ቀዳ፣ እንዲዘቅጥ በማሽኑ አዞረው፣ ቱቦውን አነሳ፣ ከላይ የሚቀረው ውኃ ቢጫ መሆን ሲገባው ቀይ ወይን ጠጅ መስሏል። ሌላ ቀዳ፣ ያው። ቱቦውን ለሁለት አዩት፣ ሁለት ባለሙያዎች። ሁለት ጊዜ ደፍተውታል፣ መልሱ እጃቸው ላይ ነበር፣ ይህ የአቀዳድ ስህተት ነው ብለው ደፍተውታል፣ እሷን ሳይጠይቁ፣ እንዴት አንድ ሰው እንኳ ለምን ሁለት ጊዜ አይልም? አሕመድ ቱቦውን ይዞ የሐኪሟ በር ላይ ቆመ፣ ታካሚ ይዛለች ቢሉትም ንቅንቅ አላለም፣ በሩ ሲከፈት አሳያት። ሐኪሟ ያን ቀን ትከሻ አልመታችም፣ ራሷ ስልክ አንስታ የልብ ክፍሉን ጠራች፣ ማቅጠኛውን እንዳታቆሚም አለች። ይቅርታ ግን አላለችም። ከአፏ አልወጣም።

አሁን የምርመራ ክፍሉ በር ተንኳኳ። የልብ ሐኪሙ ረጅም ነው፣ ሽበታም፣ ወንበር ስቦ ከኖላዊት ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ እናትሽ እያለ ጀመረ፣ እናትሽ፣ እናትሽ፣ ማንአልሞሽ አልጋው ላይ እንደ ተረሳ ጃኬት።

ቶክ ቱ ሚ፣ አለች። ልቡ የኔ ነው።

ኖላዊት ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው ግን ቀላ አለና ወንበሩን አዞረ፣ ልክ ነሽ አለ፣ ቀስ ብሎ ይነግራት ጀመር፣ ኢንፌክሽኑ የበላው ሥጋ ስፌቱን መያዝ አቅቶት በአንድ በኩል ለቅቋል፣ በቫልቩ ጠርዝ በተከፈተችው ስንጥቅ ደሙ በኃይል እየተወረወረ ሴሎቹ ይሰበራሉ፣ ገምተሽ ያልሽው ትክክል ነው፣ ከስንት አንድ ሰው የሚያጋጥመው ነገር ነው። ከስንት አንድ! አንዷ እዚህ ተቀምጣለች፣ ከስንት አንድ ስለሆነ ነው ያላያችሁኝ ወይስ እኔ ስለሆንኩ? በልቧ ነው ያለችው፣ ግን ፊቷ ላይ ሳይነበብ አልቀረም።

በጭን የደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተን ስንጥቋን እንደፍናለን ይላል፣ የምትፈርምበትን የስምምነት ወረቀት ከነእስክሪብቶው ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ካልሆነ ደረትሽን ድጋሚ መክፈት ነው፣ የተከፈተ ደረት ድጋሚ ሲከፈት ከባድ ነው፣ ሽቦው ይሻላል፣ ሰፊ ልምድ አለን።

አለን ማለት ማን ነው፣ አንተ በእጅህ ስንት ሠርተሃል?

ማም።

አሥራ አንድ፣ አለ።

ስንቱ ያዘ?

ስምንቱ።

ሦስቱስ?

ሰውዬው ወረቀቱን አላየም፣ ኖላዊትን አላየም። ሁለቱን ደረታቸውን ከፈትን፣ ድነዋል። አንዷ ሞተች፣ አለ።

ኖላዊት ታለቅሳለች፣ እሱ አልተንቀሳቀሰም፣ ትከሻዋን አልመታም፣ አይዞሽም አላለም፣ ሞተች ብሎ እዚያው ተቀምጧል፣ ማንአልሞሽ ፍርሃቱ ከእግሯ ሲነሳ ይሰማታል፣ ቀዝቃዛ፣ እውነተኛ ፍርሃት፣ ቢሆንም ከስንት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ሙሉ መልስ ይህ ነው፣ አሥራ አንድ፣ ስምንት፣ ሁለት፣ አንዷ፣ ድምሩ ልክ ነው፣ ያልተነገራት የለም፣ ንዴቱ አልወጣላትም፣ አይወጣም፣ ያቺን ሐኪም ገና ታናግራታለች፣ በሕይወት ከቆየች ተቀምጣ፣ ፊት ለፊት፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ለዛሬ ግን እውነቱን የነገራት ሰው ፊቷ አለ፣ ጋውኑን ለቃ እጇን ትዘረጋለች።

እስክሪብቶውን አምጣው።