ሁለቱ ድስቶች

ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። ቡታጅራ ባለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ግቢ ሁለት በግ ታረደ። አንዱን ዘበኛው ሙዝደሊፋ ቢስሚላህ ብሎ አረደው፤ ሌላውን ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብተጊዮርጊስ በስመ አብ ብለው። ልጆቹ የሁለቱም ወገን ስለሆኑ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚደረገው። ቢላዋው ለየብቻ፣ ድስቱም ለየብቻ።

በጎቹን የገዙት እንግዶቹ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከውጭ አገር እየላካቸው በየዓመቱ ይመጣሉ። ትምህርት ቤቱን ይረዳሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ፣ ከልጆች ጋር ኳስ ይጫወታሉ። ደግ ሰዎች ናቸው። ዘንድሮ ሁለት ትልልቅ ድስቶችም ሰጡ፤ አዲስ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ።

ምሥራቅ የቤቱ ወጥ ሠሪ ናት፤ ልጆቹንም የምታሳድግ እሷ ናት። ጠዋት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወጥ ቤት ብቅ አሉ።

«የእስላም፣ የክርስቲያን የሚባለውን እንግዶቹ ፊት እንዳታነሺ። ልጆቹን የምንከፋፍል ይመስላቸዋል።»

«የማወጣው እኔ ነኝ። ምን ችግር አለው?» አለች።

የልጆቹ ዘመዶችም ተጠርተዋል። ከልጆቹ የአንዷ፣ የሰፍያ አያት፣ በርበሬ ነጋዴው ሐጂ ዑመይር፣ ከቆሼ ከተማ መጥተዋል። እናቷ የሞተች ጊዜ ሰፍያን እዚህ ያስገቧት እሳቸው ናቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አስተምሯት። መዝሙራችሁንም ብትሰማ ግድ የለኝም። የምትበላውን ሥጋ ግን ጠብቁልኝ።» ምሥራቅ በራሷ አፍ እሺ ብላለች። ይህ ከፈረሰ ልጅቷ እዚህ እንደማታድር ታውቃለች። ሰፍያን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገቻት።

ሐጂ ጥላው ሥር ተቀምጠው ይቀልዱባታል።

«ምሥራቅ፣ የልጅ ልጄን አወፈርሻት። እኔን ነው የረሳሽኝ።»

«ቀኑን ሙሉ በርበሬ ሲያስነጥስዎት እየዋለ በየት በኩል ይወፍራሉ ሐጂ?»

ሐጂ ሳቁ። እሷ ዓይኗን ከድስቶቹ አልነቀለችም። የቀኙ የእስላም፣ የግራው የክርስቲያን።

ልጆቹ ሲሰለፉ አንዲት ረጅም እንግዳ መጥታ ሁለቱን ጭልፋዎች ከእጇ ወሰደችባት። አስተርጓሚው ሱራፌል ሳቀ። «አንቺ ዛሬ እረፊ፣ እኔ ላብላቸው ነው የምትለው። እትዬ፣ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም፣ ቁጭ በይ።»

ምሥራቅ ወደ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አየች። ዝም በይ የሚል ዓይን ነው ያያት። ከእንግዳዋ ኋላ ቆማ፣ ለዚህች ከዚህ፣ ለዚያ ከዚያ እያለች በእጇ ታሳይ ጀመር። እንግዳዋም ፈገግ እያለች ታወጣለች። ትንሽ ቆይቶ የቀኙ ድስት ጎደለ። እንግዳዋ የግራውን በሁለት እጇ አንስታ ገለበጠችበት።

ምሥራቅ እንደገና ወደ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዞረች። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሰፍያ ነበረች። ወጡ ተጨልፎላት ሄደች። ምሥራቅ ደርሳ ሳህኑን ስትነጥቃት ልጅቷ ታኝክ ነበር።

ሐጂ ተነሡ።

«ምነው?»

«ፀጉር አየሁበት» አለች ምሥራቅ።

«ታዲያ ለሌሎቹ ልጆች ለምን ትተዪላቸዋለሽ?»

ምሥራቅ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሲመጡ አየች። ሳይደርሱ ተናገረች።

«ወጡ ተቀላቅሏል ሐጂ። የሁለቱም ሥጋ ነው።»

ሐጂ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ዋጥሽው?»

«አንድ ጉርሻ» አለች ሰፍያ።

«አላወቅሽም። ባንቺ ጥፋት የለም። አፍሽን ተጉመጥመጪ።» ከዚያ ወደ ምሥራቅ፦ «አንቺስ?»

«አውቄያለሁ። ሲገለበጥ አይቻለሁ።»

«አስቀድመሽ ብትነግሪያትስ?»

«እንግዳ ፊት አፈርኩ።»

«እኔ ፊት ቃል ስትገቢ አላፈርሽም» አሉ ሐጂ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። «ልብሷን አምጪ።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ለመኗቸው፤ አልሰሙም። ምሥራቅ የሰፍያን ልብስ በፌስታል አድርጋ ወጣች። ዩኒፎርሙን ለብቻ ይዛዋለች፤ ልስጥ ወይስ ላስቀር ብላ ቆመች።

ሐጂ ተቀበሏት። «ይሄም ይምጣ። አክስቷ ነዒማ እዚሁ ከተማ ናት። ከሷ ቤት እየተመላለሰች ትማራለች። ማደሩ ግን እዚህ አይሆንም።»

ሰፍያ ዞር ዞር እያለች ወጣች። ባጃጁ ሲነሳ ምሥራቅ በሩ ላይ ቀረች። እንግዳዋ አንዱን ጭልፋ እንደያዘች መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«ምን አጠፋሁ ትላለች» አለ ሱራፌል።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ፈጠን ብለው፣ «ምንም፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው በላት» አሉ።

«አይደለም» አለች ምሥራቅ። «ቆይ ሱራፌል። ወደ ድስቶቹ አምጣትና እኔ የምለውን ንገራት። ሌሎቹ የእስላም ልጆች አሁንም ከተቀላቀለው እየበሉ ነው።»